ቬንዴሲ

ዛሬ ሮም ውስጥ የኪራይ ቤት ፍለጋ እግራችን እስኪቀጥን ዞርን። በየበሩ የተለጠፈው ግን "ቬንዴሲ" ነው፣ ይሸጣል። አብራኝ የነበረችው ሩማንያዊት የሥራ ባልደረባዬ ወረቀቱን አየት አድርጋ "እኛም ጋ እኮ 'ቪንዴ' ነው" አለችኝ፣ እዚያው የእግረኛ መንገድ ላይ ተገትረን መቁጠር ጀመርን፤ ጣልያኑ ቬንዴሬ፣ ስፔኑ ቤንዴር፣ ፈረንሳዩ ቫንድር። ፈረንሳዮቹማ "ሰውዬው ዕቃ ይሸጣል" ሲሉ "ይሸጣል" የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ "ድ"ን ይጽፏታል እንጂ አይጠሯትም፣ "ቫን" ብለው ያልፋሉ።

ማታ ሳገላብጥ የሁሉም እናት የላቲኑ "ቬንዴሬ" ራሱ ድሮ ሁለት ቃል ሆኖ አገኘሁት። "ቬኑም ዳሬ"፣ ለሽያጭ መስጠት። ሲሮጥ ተጣበቀ። መንትያም ነበረው፤ "ቬኑም ኢሬ"፣ ለሽያጭ መሄድ፣ ማለትም ሻጩ ሳይሆን ተሸጪው የሚሆነው። እሱ ተጨምቆ "ቬኒሬ" ሆነ። ችግሩ "መምጣት"ም ቬኒሬ ነው! የሚለያቸው የመጀመሪያዋ አናባቢ ("ኤ") መርዘምና ማጠሯ ብቻ ነበር። እንግዲህ ሰውዬው ተሸጠ ወይስ መጣ? ዛሬ ጣልያንኛ ውስጥ የቀረው መምጣቱ ነው፣ የተሸጠው የለም።

ለማንኛውም "አፊታሲ"፣ ይከራያል፣ የሚል ያያችሁ ኢንቦክስ አድርጉኝ።