ጎንደር ላይ የቪየናን ብር ፍለጋ

ጎንደር የሄደ ሰው ፋሲል ግንብን ጎብኝቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እኔ ዘንድሮ የሄድኩት ለብር ጌጥ ብዬ ነው። ድሪው፣ አልቦው፣ ወለባው፣ የአንገት መስቀሉ የተሠራበት ብር ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይከነክነኛል።

ገበያ ውስጥ አንዲት እናት የዘረጉት ትሪ ላይ ከጉትቻና ከቀለበት መሃል ጠገራ ብር አየሁ። ጫፉ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፤ አንገት ላይ ይውል ነበር ማለት ነው። በአንድ በኩል የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ፣ በሌላው ባለሁለት ራስ ንስር፣ ከዳር ደግሞ 1780። ጉንጯ በብዙ እጅ ታሽቶ ልሟል፣ ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ግን አሁንም ጣትን ይቆረቁራል።

«እትዬ፣ እውነተኛ ነው?»

«ድንጋይ ላይ ጣልና ስማው ልጄ።»

ጣልኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

1780 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ለቀይ ባሕር ንግድ የተመታው ጠገራም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ነው የወጣው፣ ምክንያቱም በየገበያው ያለው ሰው የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም፤ ትከሻዋ ላይ ያሉትን እንቁዎች ሳይቀር አይቶ ነበር የሚረከበው። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ኋላ ላይ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይም ተመትቷል። በዚያ በንግዱ ዘመን ጠገራው በምጽዋ ገብቶ በቅሎ ላይ እየተጫነ ጎንደር ይደርስ ነበር፤ ከዚህ ደግሞ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወጣ ነበር። ይህን ንግድ በብዛት ያንቀሳቅሱት የነበሩት የጎንደሩ አዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። ዶቃው ከቬኒስ፣ ዛጎሉ ከሕንድ ውቅያኖስ ይመጣ ነበር።

ሠርግ ሲደርስ ጠገራው ለአንጥረኛ ይሰጥና ለጌጥ ይቀልጥ ነበር። ባንክ ባልነበረበት ዘመን የሴት ሀብቷ አንገቷና ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነበር፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ተመዝኖ ይሸጣል። ለኔ ጌጡን ክቡር የሚያደርገው ይሄ ነው፣ ከውበቱ በላይ።

አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ግን የሠሪዎቹ ነገር ነው። ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው አገር ሲያገለግሉ «ቡዳ» ተብለው ተሰደቡ። አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ግንቡን ያሠራውን ንጉሥ ስም ሁላችንም እናውቃለን፣ አንድ የጎንደር አንጥረኛ ስም ጥራ ብባል ግን ዝም ነው የምለው። ይሄ ትልቅ በደል ነው።

ፒያሳ አካባቢ አንድ አንጥረኛ ጋ ቁጭ ብዬ ሥራቸውን አየሁ። የቀለጠውን ብር ቀጥቅጠው፣ በቀዳዳ እየሳቡ እንደ ፈትል ያቀጥኑታል፤ ከዚያ በጉጠት ጠምዝዘው መስቀሉ ላይ ያስቀምጡና እሳት ያስነኩታል። ትንሽ ካለፈ ሁሉም ይቀልጣል፣ ስለዚህ ዓይናቸውን አይነቅሉም።

«ጋሼ፣ ብሩን አሁን ከየት ያገኙታል?»

«ከአሮጌ ጌጥ ነዋ! ገበያውን የሞላው ኒኬል ነው። እኔም እሸጣለሁ፣ ግን ኒኬል ነው ብዬ።»

ለእህቴ ጉትቻ አዘዝኳቸው። ከተሰበረ አልቦ ነው የሚሠሩት፤ ለፋሲካ ይደርሳል ብለውኛል።