የሚሰማ ልብ ለመንኩት

እግዚአብሔር ይመስገን! ይህን ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ። ዝም ማለቱ ግን ከበደኝ።

ዳኛ ከመሆኔ በፊት 14 ዓመት በወንጀል ጉዳዮች ጥብቅና ቆሜአለሁ። የዚያን ጊዜ ጸሎቴ አጭር ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ እንድረታ እርዳኝ።» በዋስትና ክርክር ላይም፣ በመስቀለኛ ጥያቄም፣ በይግባኝም ይኸው ነበር። ብዙ ጊዜም ሰማኝ።

ሹመቱ ሲመጣ ግን ፈራሁ። ጠበቃ የምትቆምለት ሰው አላት። ዳኛ ለማን ትጸልይ? እንቅልፍ አጣሁ። ሌሊት ተነስቼ መዝገብ አገላብጣለሁ። ንጹሕ ሰው ባስርስ? ወንጀለኛ ብለቅስ? ወራት እንዲህ አለፉ።

አንድ ሌሊት የሰሎሞንን ጸሎት አነበብኩ፤ 1ኛ ነገሥት 3፥9። ለመፍረድ እንዲችል አስተዋይ ልቡና ለመነ። የዕብራይስጡ ቃል «የሚሰማ ልብ» ማለት ነው። ጠበቃ ሳለሁ የምለምነው አንደበት ነበር። ያን ሌሊት ተንበርክኬ ጆሮ ለመንኩ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የዘረፋ ክስ ቀረበልን። ማስረጃው አንድ የዓይን ምስክር ብቻ ነው። ረጋ ያለ፣ የሚታመን ሰው። ፖሊስ በሰልፍ ከደረደራቸው ሰዎች መካከል ተከሳሹን ለይቶ አውጥቷል። እውነቱን ልናገር፣ እኔ በልቤ ፈርጄ ጨርሻለሁ። ተከላካይ ጠበቃው ወጣት ነው፤ «ጥያቄ የለኝም» ብሎ ተቀመጠ። ምስክሩ ሊወርድ ሲል ግን አንድ ቃሉ ጆሮዬ ላይ ቀረ። «ሰልፉ ላይ ያየሁት ለሦስተኛ ጊዜ ነው፤ እንዴት ይጠፋኛል?» ብሎ ነበር።

አንዱ በዘረፋው ጊዜ ነው። ሦስተኛው ሰልፉ ላይ።

«ሁለተኛውስ የት ነበር?» አልኩት።

«ከሰልፉ በፊት ፖሊሱ ፎቶውን አሳይቶኝ ነዋ።»

የአንድ ሰው ፎቶ ብቻ። ችሎቱ ጸጥ አለ። ሰውዬው የለየው ዘራፊውን ይሁን ፎቶውን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ዐቃቤ ሕግ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ አላስረዳም፤ ተከሳሹን በነጻ አሰናበትነው። አድርጎት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ሌሊት ግን ተኛሁ። ወገኖቼ፣ እስኪነጋ ድረስ ተኛሁ!

ዛሬም ወደ ችሎት ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ቆሜ ያንኑ እለምናለሁ። የችሎት ጸሐፊዋ ልማዴን ለምዳዋለች። በሩን ትንሽ አቆይታ ነው የምትከፍተው።