የእኔ ግልገል ነገ ነው የሚወጣው

መንዝ ጓሳ ላይ ጥበቃ ስንሠራ ከብርዱ ይልቅ የሚያደክመን የግልገል ክስ ነው። በግ በጠፋ ቁጥር ተከሳሹ ቀይ ቀበሮ ነው። ቀዩ ቀን ለቀን፣ ብቻውን፣ አይጥና ፍልፈል ሲያድን ይውላል፤ ጭላዳዎቹ እንኳ መሀላቸው ሲገባ አይሸሹትም። በግ የሚያነሱት ብዙውን ጊዜ ጅብና ተራው ቀበሮ ናቸው። ግን እነሱ በጨለማ ይሠራሉ፣ ስሙ የሚጠፋው በቀን የሚታየው ነው።

አንድ የጥቅምት ማለዳ አንድ አባት ዱላቸውን ይዘው መጡ። «ቀበሯችሁ ግልገሌን በላ!» ቀበሯችሁ! እኛ ወልደን ያሳደግነው ይመስል። ባልደረባዬ ምንም ሳይመልስ አብሯቸው ተነሣ፣ እኔም ተከተልኩ። መንገድ ላይ ጓሳው ጉብታ ላይ ትኩስ የቀበሮ ዐይነ ምድር አገኘን (ዐይነ ምድር በሪፖርት ነው፣ በእኛ ቋንቋ አር)። በእንጨት ከፈለው። ፀጉርና ደቃቅ ጥርስ።

«ይዩ አባቴ፣ የአይጥ ጥርስ ነው።»

ጎንበስ ብለው አዩት። «እሱ የትናንቱ ነው» አሉ። «የእኔ ግልገል ነገ ነው የሚወጣው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን አልሳቀም። «እውነትዎን ነው» አላቸው።

ቤታቸው ስንደርስ ደጃፍ ላይ ውሻ ተኝቷል፣ የገብስ ቂጣ ፊቱ ተጥሎለታል። «ውሻዎ ምነው ቂጣ እምቢ አለ?» ሲል ጠየቃቸው። «አሞት ይሆናል» አሉ። ከዚያ ስለ ክትባት አነሣ። በ1996 ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ፣ እብድ ውሻ ያመጣው በሽታ ከቀበሮው ከግማሽ በላይ እንደፈጀ፣ አገር ላይ የቀረውም አምስት መቶ እንደማይሞላ ነገራቸው። ውሻ ክትባት ሲወጋ ሰምተው እንደማያውቁ ገልጸው ወደ ቤት ገቡ። እኔ የጨዋታ ማሳመሪያ ነበር የመሰለኝ።

በማግስቱ ባልደረባዬ ከንጋት እስከ ማታ ያንኑ ቀበሮ ሲከተል ዋለ። ማታ አሩን በፌስታል ይዞ መጣና አባትየው ደጅ ከፈተው። አሁንም አይጥ ነው። እሳቸውም ዝም አሉ።

የተመደበለትን መስመር ለቆ በመዋሉ የዚያ ቀን አበሉ ተቆረጠ። ደብዳቤው «ያለ ፈቃድ» ይላል። የፈረመው ሰው ጓሳን ያየው ከመኪና መስኮት ነው፣ ያውም ጭጋግ ባለበት ቀን። እኔ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እሱ ግን ለቀጣዩ ናሙና መጠቅለያ አደረገው፣ ወረቀቱ ጠንካራ ነው ብሎ።

ባለፈው ሐምሌ ሞተ። የሳምባ ምች አሉ፤ መሐል ሜዳ ከተማ ሐኪም ቤት ሲደርስ ረፍዶ ነበር።

ለቅሶ ላይ እኚያ አባት ገብስ አስጭነው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ብዙ ቆይተው፣ «ግልገሉን የራሴ ውሻ ነበር የበላው» አሉኝ። «ያን ዕለት ቂጣውን ምነው እምቢ አለ ሲለኝ፣ ይህ ልጅ አወቀብኝ አልኩ። እስኪሞት አንድ ቀን አላነሣብኝም።»

ላዝን መጥቼ ተናደድኩ። እኔ በወሩ ሪፖርት «መንስኤው አልታወቀም» ብዬ ጽፌያለሁ፣ እሱም አጠገቤ ቁጭ ብሎ እስክርቢቶዬን ሲያይ ነበር። ደግሞስ ያወቀ ሰው ቀኑን ሙሉ አር ፍለጋ ለምን ይንከራተታል? አበሉን ለምን ያስቆርጣል? እሱን ብጠይቀው ኖሮ ቆሎውን ዘግኖ ይሰጠኝ ነበር እንጂ አይመልስልኝም።

በሚያዝያው የውሾች ክትባት ከሰፈሩ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው፣ ውሻውን በጓሳ ገመድ እየጎተቱ። መዝገቡን ገልጬ ስሙን ጠየቅኳቸው።

መሬት መሬት እያዩ፣ «አይታማ» አሉኝ።