የመርፌ አምፑል ሲሰበር የሚያዛጋው ነርስ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ፋርማሲ ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሰውየውን ለይታችሁ እንዳታውቁትም አንዳንድ ነገር አደባልቄያለሁ።

ባልደረባችን ነርስ ነው። እጁ ቀላል፣ የሕፃን ደም ሥር እንኳ በአንድ ጊዜ የሚያገኝ ዓይነት። ከዓመታት በፊት የኩላሊት ጠጠር ሲያጣድፈው ፔቲዲን የሚባል ሱስ የሚያስይዝ ኃይለኛ ማስታገሻ ተወጋ። ጠጠሩ ወጣ፣ ፔቲዲኑ ግን አብሮት ቀረ። ከዚያ ታከመ፣ ከሥራ ብዙ ጊዜ ራቀ፣ ሲመለስ ካርድ ክፍል ተቀመጠ። ከ3 ዓመት በላይ ምንም ሳይነካ ቆየ። የቀዶ ሕክምና ዋርድ ነርስ ሲያጥረው የነርሶች አለቃዋ ሜትሮኗ «አሁንማ ድኗል አይደል» ብላ እዚያ መደበችው።

ወሩ ግንቦት ነው። የድሬን ግንቦት ለማያውቅ ሰው፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ እንኳ ግድግዳው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ልጁ ወደ መስኮቴ መጣ። ያዛጋል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ አፍንጫውን በክንዱ ይጠርጋል። ጉንፋን ነው ብዬ ልቀልድበት ስል ክንዱን አየሁት። ፀጉሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኛ በላብ ርሰናል፣ እሱን ይበርደዋል።

«አቦ ወንበር ስጪኝ» አለ።

«ወስደህ ነው?»

«ወላሂ አልነካሁም። ልጅቷ ለበሽተኛው ዳይክሎፌናክ፣ ያንን ተራ ማስታገሻ፣ ልትወጋ የመድኃኒቱን አምፑል ሰበረች። ጠቅ ሲል ሰማሁት፣ የአልኮሉ ሽታ ተከተለ። ከዚያ እግሬ ራሱ ወደዚህ አመጣኝ።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቁልፉ አንቺ ጋ ነው አይደል? ዛሬ ከእኔ አርቂው» አለኝ።

እኛ ጋ ናርኮቲክ፣ ማለትም እንደ ፔቲዲን ያለ ሱስ የሚያስይዝ መድኃኒት፣ በሁለት ቁልፍ ነው የሚቆለፈው። የሚወጣው በልዩ ማዘዣ ነው፣ ባዶው አምፑል ተመልሶ ይቆጠራል። በነጋታው ወሬው ሲዛመት አለቆች መጀመሪያ የሮጡት ወደ መዝገቡ ነበር። መዝገቡና ባዶው ልክ ገጠመ። ሰዉ ግን አልበረደም። «3 ዓመት ሙሉ ትቶ አሁን ምን ሀራራ ይይዘዋል? ሲዋሸን ነው የኖረው» ተባለ። እኔን ያበገነኝ ይሄ ነው። ጤና ባለሙያዎች ነን እኮ!

የሆነው ነገር ይሄ ነው። ፔቲዲንም ሞርፊንም ትራማዶልም ሰውነትን ያረጋጋሉ፣ ያደነዝዛሉ። አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ በተቃራኒው ይገፋል። ሲደጋገም ደግሞ መድኃኒቱ እስኪገባ አይጠብቅም፣ ሊመጣ ነው የሚል ምልክት ሲያገኝ አስቀድሞ መግፋት ይጀምራል። የአምፑሉ ድምፅ፣ የአልኮሉ ሽታ፣ የዋርዱ መብራት፣ ሰዓቱ ራሱ ምልክት ነው። መድኃኒቱ ሳይመጣ ሲቀር ግፊቱ ብቻውን ይቀራል፤ ማዛጋቱ፣ እንባው፣ ብርዱ እሱ ነው። ካርድ ክፍል አምፑል የሚሰብር ስለሌለ አንጎሉ የተማረው ነገር ተኝቶ ከረመ እንጂ አልጠፋም። ድካም፣ ብስጭትና እንቅልፍ ማጣትም ይቀሰቅሱታል። የማታ ዲዩቲ ደግሞ ሦስቱንም አንድ ላይ ነው የሚሰጥህ።

ለድሬ ሰው ይሄ ሊከብደው አይገባም። ጫት ያቆመ ሰው ጠዋቱን ደህና ይውላል፣ ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ጫቱን በላስቲክ አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሲጣደፍ ሲያይ መንጋጋው ይከፈታል።

አሜሪካ ውስጥ ኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን፣ በፈረንጆች 1935 የሱሰኞች ሆስፒታል ተከፍቶ ነበር። እዚያ ይሠራ የነበረው ዶክተር አብርሃም ዊክለር በ1940ዎቹ ይህንኑ አስተውሏል። ካቆሙ ወራት ያለፋቸው ሰዎች በቡድን ውይይት ላይ የመድኃኒቱ ወሬ ሲነሳ ያዛጉ፣ ዓይናቸው ያነባ ነበር። ወሬ ብቻ!

ነገሩን ገልብጣችሁ ማየት ከፈለጋችሁ የቬትናምን ጦርነት ተመልከቱ። እዚያ ሄሮይን የለመዱ የአሜሪካ ወታደሮች ብዙ ነበሩ። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ አገራቸው ከገቡ በኋላ ስትከታተላቸው፣ ቬትናም ሳሉ ሱሰኛ ከነበሩት በ3 ዓመት ውስጥ ወደ ሱሱ የተመለሱት 12 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ባልልም፣ ያ ሁሉ ምልክት እዚያው ጫካ ቀርቷል። የኛን ልጅ ግን ለውጊያው ወደ ለመደበት ሜዳ ነው የመለስነው።

ከሳይካትሪ ነርሷ ጋር ሆነን ሜትሮኗ ቢሮ ገባን። ብዙ ማሳመን ያስፈልገናል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፣ እሷ ግን አንድ ነገር ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ለረጅም ጊዜ ያቆመ ሰው ሰውነቱ መድኃኒቱን እንደ ድሮው የመቋቋም አቅሙን አጥቷል። ያኔ ይችለው የነበረውን መጠን ዛሬ ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል፣ ማርከሻውን ናሎክሶን ይዞ የሚደርስለት ሰው ከሌለ በቃ። «እንግዲያው ሌባ እያልን ስንጠብቀው ሬሳ ነበር የምናገኘው?» አለች። «አዎ ሲስተር» አልኳት።

ልጁ የተመላላሽ ሕክምና ትሪያጅ፣ በሽተኛ መጀመሪያ የሚታይበት ቦታ፣ ላይ ተመደበ። የደም ግፊት ይለካል፣ ሙቀት ይለካል፣ አምፑል የለም። ክትትሉን ከሳይካትሪ ጋር ቀጥሏል። የማታ ዲዩቲ ስለቀረበት ግን ከደመወዙ ላይ ጥሩ ገንዘብ ጎደለ። ቤት ኪራይ አለበት፣ ልጆች አሉት። ያመመው ሰው ገንዘብ እንዲቀጣ መሆኑ አይዋጥልኝም። አሁን ካርድ ክፍል ተጨማሪ የቀን ተረኛ እንዲሆንና እንደ ዲዩቲ እንዲታሰብለት ማመልከቻ ጽፈናል። ሰው ሀብት ክፍል «አሠራሩ አይፈቅድም» ብሎ መልሶታል፣ እኛም ሁለተኛውን አስገብተናል።