በላስቲክ የተጠቀለለው ወረቀት

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደሴ፣ ሸዋ በር ወደሚገኘው የጋሼ ቤት ሄጄ ነበር። አክስቴ አቦሉን ከመቅዳቷ በፊት ጋሼ ከሣጥናቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ እያሉ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገቡበት ወረቀት ነው፤ ማጠፊያው ተሰንጥቆ በፕላስተር ተያይዟል። እናታቸው ስለታመሙ እርሳቸው ወደ ደሴ ከተመለሱ ወዲህ የቤቱን ነገር ራሳቸው ትተውታል፤ ወረቀቱን ግን መጣል አልሆነላቸውም።

ጨዋታው በዚያው የአዲስ አበባ ከንቲባ ወደነበሩት ወደ አቶ አርከበ ዕቁባይ ዞረ። አቶ አርከበ ከተማዋን በ1995 ዓ.ም. ከአቶ አሊ አብዶ ተረክበው መንገድና የጋራ መኖሪያ ቤት ሲያስገነቡ ጋሼ በዓይናቸው አይተዋል። «ሰውየውን ወድጄዋለሁ፤ ድምፄን ግን ለቅንጅት ሰጠሁ» አሉኝ፣ እንደ ማፈር ብለው። እንዲህ ያደረጉት እርሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ በዚያ የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት ከከተማዋ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸንፏል። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ግን ወንበሩ ላይ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀመጡ ታሰሩ፤ በ1998 ዓ.ም. ከተማዋን የተረከበው በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ሆነ።

ጋሼ አቶ አርከበን የጣላቸው ፓርቲያቸው ኢሕአዴግ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ያመጣቸውም ያው ፓርቲ መሆኑን ላስታውሳቸው ፈልጌ፣ በቡናው መሐል ክርክር ማንሳት ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ። በቻርተሩ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ነዋሪው የሚመርጠው ምክር ቤቱን ነው፤ ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። በተግባር ግን አቶ ኩማ ደመቅሳ ከመከላከያ ሚኒስትርነት፣ አቶ ድሪባ ኩማ ከትራንስፖርት ሚኒስትርነት፣ ወይዘሮ አዳነች አቤቤ ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ወደ ከተማዋ መጡ፤ ኢንጂነር ታከለ ኡማ በ2010 ዓ.ም. እንዲሾሙ ደግሞ ከምክር ቤቱ ውጭ ያለ ሰው እንዲሾም የሚፈቅድ የሕግ ማሻሻያ አስፈልጎ ነበር። ዣክ ሺራክ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1995 ፓሪስን መርተው ከዚያው ወንበር ለፕሬዚዳንትነት በቅተዋል። የእኛዎቹ ግን መነሻቸውም መድረሻቸውም ሌላ ቦታ ነው፤ አቶ ኩማ በኋላ አምባሳደር፣ ኢንጂነር ታከለ የማዕድን ሚኒስትር ሆኑ። በሚገርም ሁኔታ ያ ያልተቀመጡበት ወንበር ባለቤት ዶክተር ብርሃኑም በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆነዋል።

አክስቴ በረካውን «ጀባ» ስትለን ጋሼ ወረቀቱን በነበረበት እጥፋት መልሰው አጠፉት። «ዛሬስ ቢሆን ማንን ይመርጡ ነበር?» አልኳቸው። ላስቲኩን እያሰሩ «አንተ ደግሞ፣ ቡናህን ጠጣ» አሉኝ።