በምን ይምጣ?

ሰሞኑን ሰው አስጠልቶኛል። ክፉ ሰው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እኔን ያስጠላኝ ደጉም ጭምር ነው። «አይዞሽ» የሚለኝን ሁሉ ሸሽቼ መደበቅ ነው ያማረኝ። ስለዚህ ጀልባው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ካለው ከግራንድ ፖርቴጅ ብዙም ሳይርቅ ስልኬ ኔትወርክ ሲያጣ፣ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ተነሳልኝ። ከአሁን በኋላ ማንም አያገኘኝም። ማንም ስለ ወንድሜ አይጠይቀኝም። «ደወለልሽ እንዴ?» የሚል የለም። ወደምንሄድባት ደሴት ወደብ ስንጠጋ በ1928 የሰመጠው «አሜሪካ» የተባለው መርከብ አፍንጫው ከውሃው በታች ቅርብ ስለሆነ ይታያል ተብሎ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተንጋጋ። እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

አይል ሮያል ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ያለች ደሴት ናት። ርዝመቷ 72 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቷ በሰፊው በኩል 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና የለባትም። ከ1976 ጀምሮ ከመሬቷ 99 በመቶ የሚሆነው በሕግ የተከለለ ዱር ነው፤ የሰው እጅ እንዲበዛበት አይፈቀድም። ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 ደግሞ ጭራሽ ትዘጋለች። በዚያ ሁሉ ወር በረዶው፣ ዛፉና አውሬው ብቻቸውን ናቸው። ይሄን ሳነብ ነው ልቤ የከጀላት።

ያረፍኩባት ጎጆ ዊንዲጎ በሚባለው የምዕራብ ጫፍ ላይ ናት። አንድ ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ በቃ። ውስጧ ቧንቧ የለም፤ ውሃ ከውጭ ቀድቼ እገባለሁ። ሽንት ቤቱም ውጭ ነው። ሌሊት ለመውጣት ባትሪ መፈለግ፣ ጃኬት መደረብ፣ ጫማ ማጥለቅ አለ። ጫማውም ደጅ አያድርም፤ ቀበሮዎቹ ይዘውት ይሄዳሉ። ይሄ ሁሉ ይሰለቸኛል ብዬ ነበር። አልሰለቸኝም። እጅ ሥራ ሲይዝ ሐሳብ ትንሽ ይታገሳል፤ ውሃ ስቀዳ ስለ ውሃ ብቻ ነው የማስበው። ይሄን ዓይነት ዕረፍት ካገኘሁ ቆይቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ወንዙ ዳር አንዲት ሙስ አየሁ። ሙስ ማለት ከአጋዘን ወገን ትልቁ ነው፤ እግሩ ረጅም፣ የላይኛው ከንፈሩ የተንጠለጠለ። አንገቷን እስከ ጆሮዋ ውሃው ውስጥ ነክራ ቆየች። ቀና ስትል ውሃው በአገጯ ይወርዳል፤ የውሃ ሣሩ ከአፏ ግራና ቀኝ ተንዘርፍፎ በዝግታ ታኝካለች። ስታኝክ ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ይሰማኝ ነበር። አየችኝ፤ አየኋት፤ መልሳ ጭንቅላቷን ነከረች። ከዚህ በላይ ምን ልጻፍ? ቆንጆ ነበረች፤ ቆሜ ሳያት ሰዓቱ ሄደ።

ከእሷ ስመለስ ነው አጥሩን ያየሁት። መንገዱ ዳር ሙሶች እንዳይገቡበት በሽቦ የታጠረ ትንሽ ቦታ አለ። አጥሩ ውስጥ ያሉት ጥዶች ከእኔ በላይ ሄደው ሰማይ ይዘዋል። አጥሩ ውጭ ያሉት ያው ጥዶች፣ ያው አፈር ላይ፣ ያው ዝናብ እየጠጡ፣ ከወገቤ አያልፉም። አንዱን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ግንዱ ወፍራም ነው፤ አናቱ ግን ተቆርጦ፣ ሊያድግ ሞክሮ ደግሞ ተቆርጦ፣ ጎን ለጎን ብቻ ተስፋፍቶ ቁጥቋጦ መስሏል። ችግኝ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። እንዲህ ያለው ዛፍ ብዙ አሥርት ዓመት ያስቆጠረ ሊሆን ይችላል። ክረምት በመጣ ቁጥር ሙሶቹ ቀንበጡን ይግጡታል፤ የሚያድገው ከበረዶው በላይ ብቅ እስኪል ብቻ ነው።

ሙሶቹ በዝተው የነበሩት ተኩላ ጠፍቶ ስለነበረ ነው። የተኩላዎቹ ነገር ከጠዋት ጀምሮ አልለቀቀኝም፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ሙሶቹ ደሴቲቱ ላይ የደረሱት በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። ተኩላዎቹ የመጡት ግን በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ሐይቁ ረግቶ ከየብስ እስከ ደሴቲቱ በረዶ ድልድይ በሆነበት ክረምት ነው፤ በእግራቸው ተሻግረው። ከ1958 ጀምሮ ተመራማሪዎች ሁለቱንም ይቆጥራሉ፤ አዳኝና ታዳኝን ሳያቋርጥ ይሄን ያህል ዘመን የተከታተለ ሌላ ጥናት በዓለም ላይ የለም። በ1980 ተኩላዎቹ 50 ደርሰው ነበር። ከዚያ ፓርቮ የሚባለው የውሻ በሽታ ገባባቸውና በ1982 ወደ 14 ወረዱ። ዛሬም ውሻ ይዞ መምጣት ክልክል ነው፤ ከጀልባ ሳያወርዱት እንኳ።

በሽታው አለፈ። ተኩላዎቹ ግን አላንሰራሩም። ጥቂት ስለነበሩ እርስ በርስ ተዋለዱ፤ የጀርባ አጥንታቸው ተበላሽቶ የሚወለዱ በዙ። ታዲያ በ1997 አንድ ወንድ ተኩላ በበረዶው ላይ ብቻውን ተሻግሮ መጣ። ከውጭ የመጣ መሆኑ የታወቀው እንኳ ከዓመታት በኋላ በዘረመል ምርመራ ነው። 34 ግልገሎች ወለደ። አዲስ ደም ገባ፤ ለጥቂት ዓመታት ነገሩ የተቃና መሰለ። ግን አንድ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሁሉም የእሱ ልጅና የልጅ ልጅ ሆነና ወደዚያው ተመለሱ። በ2016 ሁለት ብቻ ቀሩ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። አባትና ልጅ ናቸው፤ ደግሞም ሁለቱንም የወለደች እናት አንድ ናት።

ሁለት ተኩላ በዚህ ሁሉ ጫካ። ይሄን ቁጭ ብላችሁ አስቡት።

በረዶውስ? በ1960ዎቹ ድልድዩ ብዙ ክረምት ይረጋ ነበር። አሁን አየሩ ሞቋል፤ የሚረጋበት ክረምት ብርቅ ሆኗል፤ ሲረጋም ለጥቂት ቀናት ነው። ቅርብ ከሚባለው የካናዳ ዳርቻ እስከዚህ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ ነው። ተኩላ ይሄን አይዋኘውም።

ሰዎች ለዓመታት የተከራከሩት በዚህ ነው። አንደኛው ወገን «ተዉት» አለ። ዱር ነው፤ ሕጉም የሚለው ሰው እጁን ይሰብስብ ነው፤ ከጠፉም ይጥፉ፤ ተፈጥሮ የራሷን ታድርግ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ደሴቲቱን ከማንም በላይ የሚወዱ ነበሩባቸው፤ «ተዉት» ያሉትም ስለሚያከብሯት ነው። ሌላው ወገን ደግሞ መንገዱን የዘጋነው እኛው አይደለን ወይ አለ። በረዶው የቀረው በእኛ ሙቀት ነው፤ መንገዱን ከዘጉ በኋላ ተዉት ማለት መተው አይባልም።

እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ጠዋት ያን ጥድ ጎንበስ ብዬ ሳየው ነው ቁርጤን ያወቅኩት።

እንግዲህ እስከዚህ የጻፍኩት ስለ ተኩላ ነው። ስለ ተኩላ ብቻ እንዳልሆነ ግን የኛን ቤት ነገር የምታውቁ ቀድማችሁ ገብቷችኋል።

እሱን ተይው ይሉኛል። ሁሉም ነው የሚለኝ። ከመምጣቴ በፊት አክስቴ ጋ ሄጄ፣ ስልክ አያነሳም፣ በር ብቆረቁርም አይከፍትም፣ መጋረጃው ቀን በቀን እንደተዘጋ ነው ብዬ ነገርኳቸው። ሻይ እየቀዱልኝ፣ «ተይው ልጄ» አሉኝ። «ሐዘን ሰውን ብቻውን ያስመኘዋል። ሲበቃው በራሱ እግር ይመጣል።»

«እሺ እትዬ» አልኩ።

እሳቸውም ክፉ አይደሉም። ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት፤ ተይው ያሉኝ ስለሚያከብሩት ነው። እኔም ስሰማቸው ልክ መስለውኝ ነበር። አሁን ግን ትላንትና ጀልባው ላይ የተሰማኝን አስባለሁ። ያ ስልኩ ሲጠፋ የተሰማኝ ቅልል ማለት፣ ያ ማንም አያገኘኝም የሚለው ደስታ፣ የእሱም እንዲህ ነው የጀመረው? መጀመሪያ ዕረፍት ነበር? አንድ ቀን ሳያነሳ ቀረ፣ ደስ አለው፣ በማግሥቱም ደገመው? ከውስጥ ሲያዩት መዘጋት እንደ መዘጋት አይሰማም፤ አሁን እዚህች ጎጆ ውስጥ ተቀምጬ እንኳ አይሰማኝም። ይሄ ነው ያስፈራኝ። እኔ የመመለሻ ቲኬት ቦርሳዬ ውስጥ አለ። እሱስ?

ሲበቃው ይመጣል ይላሉ። በምን ይምጣ?

መንገዱ እማዬ ነበረች። ይሄን ከዛሬ በፊት እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም። እርስ በርሳችን የምንደዋወል ቤተሰብ አልነበርንም እኮ። ሁላችንም የምንደውለው ለእሷ ነው። የእሱን ወሬ ለእኔ፣ የእኔን ለእህታችን የምታደርሰው እሷ ናት። «ወንድምሽ ጉንፋን ይዞታል፣ ደውዪለት» ትለኛለች፤ እደውላለሁ። እሑድ እሑድ እሷ ቤት ነበር የምንገናኘው፤ ተቃቅረን እንኳ ከሆነ እዚያ እንገናኛለን፤ አንዱ ቲቪ ያያል፣ አንዱ ወጥ ቤት ይገባል፣ ሳንነጋገር ታርቀን እንወጣለን። ማንም ይቅርታ ሳይጠይቅ። አሁን እሷ የለችም፤ እኛ ደግሞ ወደ እሱ የሚወስድ ሌላ መንገድ ሳይኖረን፣ እሱም ወደ እኛ ሳይኖረው፣ በየዳርቻችን ቆመን በራሱ እግር ይመጣል እንላለን።

አይመጣም። እኔ አይመጣም ባይ ነኝ።

ተኩላዎቹን በመጨረሻ አመጧቸው። ከ2018 እስከ 2019 ድረስ ከሚኒሶታ፣ ከሚሺጋንና ከካናዳ በጠቅላላው 19 ተኩላ ተጭኖ መጣ። ከመጡት አንዳንዶቹ ሚሺፒኮተን ከምትባል ሌላ ደሴት ነበሩ፤ እዚያ የሚያድኑትን ጨርሰው በረሃብ ከስተው ነው ያገኟቸው። እዚህ ተዋለዱ። በ2024 ሲቆጠሩ 30 ሆነዋል፤ በ2019 ከ2,000 አልፈው የነበሩት ሙሶች ወደ 840 ወርደዋል። ጥዶቹም አንድ ቀን ከወገብ ማለፋቸው አይቀርም፤ ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል።

አንዷ ሴት ተኩላ ግን አልቆየችም። በ2019 ጥር ውስጥ፣ ድልድዩ ለጥቂት ቀናት ረግቶ በነበረበት ሰሞን፣ በበረዶው ላይ ወደመጣችበት ሄደች። በመከራ ያመጧትን በእግሯ ተመለሰች። ስለ እሷ ብዙ አሰብኩ። ያመጧት ሰዎች አንገቷ ላይ ያለው መሣሪያ የላከውን ምልክት ሲያዩ ምን ተሰምቷቸው ይሆን? ግን ሌሎቹን ማምጣት አላቆሙም። ክረምቱ ካለፈ በኋላም አመጡ።

እንግዲህ ልሄድ ነው። ስመለስ ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ እሱ ጋ እሄዳለሁ፤ ካልከፈተም ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ይሄ ተቆርጧል። የሚያስጨንቀኝ ሌላው ነው፤ የ1997ቱ ተኩላ። አንድ ብቻ መጥቶ ስንት ዓመት ገዛላቸው? እኔ ብቻዬን ብሄድ እኔና እሱ ሁለት ሆነን እንዘጋለን፤ ያን ቤት አውቀዋለሁ፣ ራሴንም አውቃለሁ፤ ሁለታችንም ስናዝን ዝም ነው የምንለው። እህታችን መምጣት አለባት። እሷ ስትገባ ቤት ይሞቃል፤ ትጮሃለች፣ ትቆጣለች፣ መጋረጃ ትከፍታለች። ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ግን ከእሱ ጋር ቃል አልተለዋወጡም፤ በምን እንደተጣሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እሷም «ስሙን አታንሺብኝ» ብላኛለች። እማዬ ብትኖር አንድ እሑድ ይበቃት ነበር።

እኔ ግን ምን ብዬ ነው የምጠራት?