በቅሎ፣ አሞሌና ኬላ፦ የትረካ ጌማችን የደረሰበት

ደብረ ብርሃን ላይ ሬንፓይ በሚባል የትረካ ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር እየተሠራ ያለው ጌም የመጀመሪያ ምዕራፉ ከዳር እስከ ዳር መጫወት ጀምሯል። ዘመኑ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነው (1813–1847 እ.ኤ.አ.)። አንድ ነጋዴ ከአልዩ አምባ ገበያ አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭኖ አቀበቱን ወደ አንኮበር ይወጣል። ገበያውም የጨው ንግዱም በእርግጥ የነበሩ ናቸው፤ ነጋዴውና ኬላው ፈጠራ ናቸው።

ትረካ ያለው ጌም ለመሥራት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ረጅም ጽሑፍ መጻፍ ነው። ተጫዋች ግን አያነበውም፤ ጣቱ ስክሪኑን እየመታ ያልፋል። የጌም ታሪክ የሚያዘው ተጫዋቹ በሚከፍለው ዋጋ ላይ ነው። የ2013ቱ ‹ፔፐርስ፣ ፕሊዝ› ጥሩ ማሳያ ነው። ሉካስ ፖፕ የሠራው ይህ ጌም ተጫዋቹን የድንበር ተቆጣጣሪ ያደርገዋል፤ ክፍያው በትክክል ባስተናገደው ሰው ልክ ነው፤ ማታ በዚያ ገንዘብ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ማሞቂያና መድኃኒት ይከፍላል። «ድህነት ሰውን ያስጨክናል» የሚል ዓረፍተ ነገር አያስፈልገውም፤ ሕጉ ራሱ ያንን ይናገራል።

በእኛ ጌም ያንን ሥራ የምትሠራው በቅሎዋ ናት። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ጭነቱ 20 አሞሌ ሆኖ ይጀምራል፤ መንገዱ ሦስት ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ ክፍል ለየ5 አሞሌው 1 ድካም ይጨመራል፤ ድካሙ ከ10 ካለፈ በቅሎዋ ትለግምና ትተኛለች። ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ኬላ አለ፤ ጠባቂው 5 አሞሌ ይጠይቃል። የከፈለ ተጫዋች ድካሙ 4፣ 7፣ 10 እያለ ለጥቂት ይደርሳል። በጓሮ መንገድ ኬላውን የዞረ ደግሞ ጨው አይጎድልበትም፤ ግን መንገዱ ስለሚረዝም ሌላ 2 ድካም ይጨመርበታል፦ 4፣ 6፣ 10፣ 14። ስለዚህ አንኮበር ጥግ ሲደርስ በቅሎዋ ዘጭ ትላለች። ስስታምነቱን ማንም አይነግረውም፤ ጨውን ሜዳ ላይ እያራገፈ ራሱ ይደርስበታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ነገር፦ የድካሙ ቁጥር ስክሪን ላይ መታየት የለበትም። ከታየ ተጫዋቹ ካልኩሌተር ይሆናል፣ በቅሎዋም በቅሎ መሆኗ ይቀራል። በምትኩ ድካም 4 ሲደርስ ትንፋሿ ይሰማል፣ 7 ላይ ጆሮዋ ይወድቃል፣ 10 ላይ በየጥቂቱ ትቆማለች። ምልክቱ ከውድቀቱ በፊት ካልመጣ ደግሞ ተጫዋቹ ተበደልኩ ብሎ ጌሙን ይዘጋል፤ እውነቱን ነው።

ምርጫ ሲበዛ ታሪክ ይበለጽጋል የሚባለው አያዋጣም። ሁለት አማራጭ ያላቸው 10 ምርጫዎች መልሰው ካልተገናኙ 1,024 መጨረሻ መጻፍ ነው። የሚያዛልቀው መንገዱን ከፍሎ ከጥቂት ትዕይንት በኋላ ማገናኘትና ልዩነቱን በቫሪያብል (ጌሙ በሚያስታውሰው ተለዋዋጭ ዋጋ) መያዝ ነው። ለአንድ ምዕራፍ ሦስት ይበቃሉ፦ አሞሌ፣ ድካምና የኬላ ጠባቂው እምነት። የሚለዋወጥ ዋጋ ሁሉ በሬንፓዩ ‹ዲፎልት› ትእዛዝ ይታወጅ። ‹ዲፋይን› ለማይለወጥ ነገር ነው፤ በእሱ የታወጀ ዋጋ ጌሙ ሴቭ ተደርጎ ሲከፈት አያስተማምንም።

የአማርኛው ነገር ለብቻው ሥራ አለው። ሬንፓይ ይዞት የሚመጣው ፎንት ግዕዝ ስለሌለው ፊደሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ‹ጌም› የሚለው ፎልደር ውስጥ አስገብቶ የጌሙን መልክ በሚወስነው ‹ጂዩአይ› ፋይል ላይ ሦስቱን የፎንት መስመሮች (የንግግር፣ የስም፣ የሜኑ) መቀየር ነው። ሁለቱን ቀይሮ ሦስተኛውን መርሳት የተለመደ ነው፤ ያኔ ንግግሩ ይነበባል፣ ሜኑው ሳጥን ሆኖ ይቀራል። መጠኑንም ከፍ ማድረግ ይገባል፤ በትንሽ ስልክ ላይ ‹ቡ› እና ‹ቢ› ይምታታሉ። ለጥቅስ «» መጠቀም ኮዱንም ያድናል፤ የእንግሊዝኛው ቀጥ ያለ ጥቅስ በንግግር መሃል ከገባ ሬንፓይ ንግግሩ ያለቀ መስሎት ስሕተት ያወጣል።

ከዚያ የባሰው ጾታ ነው። «ወደ ኬላው ደረስክ» ሲባል ሴቷ ተጫዋች ወዲያው ከታሪኩ ውጭ ትሆናለች። ሁሉን በሁለት መጻፍ ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል። እኛ ትረካውን በአንደኛ መደብ አድርገነዋል፦ «ኬላው ደረስኩ»፤ የምርጫ ቁልፎቹም «ልክፈል»፣ «በጓሮ ልዙር» ይላሉ። ግሱ ለሁለቱም ይሆናል። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ሲናገሩ ግን አጠራሩ ራሱ ታሪክ ይሸከማል፦ ጠባቂው መጀመሪያ ነጋዴውን «አንተ» ይለዋል፤ እምነቱ 2 ሲደርስ ያለ ምንም ማብራሪያ «አንቱ» ይለዋል። የሞከሩት አብዛኞቹ ይህችን ያለ ጥቆማ ያስተውሏታል፤ ከሙሉ አንቀጽ ንግግር ይልቅ ትሠራለች። እዚህ ላይ ግን ዋና ገጸ ባሕሪው ወንድ ሆኖ ቀርቷል፤ ሴት ነጋዴ መምረጥ የሚያስችለው የጠባቂው ንግግር በ‹አንቺ› ሲጻፍ ነው።

ከፍታውንም የሚናገረው ሥዕሉ ነው። ታች አልዩ አምባ ማሽላ፣ መሃል ላይ ጤፍ፣ ላይ ገብስ፣ ጽድና ጭጋግ። ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ማሳውን አይቶ የት እንደደረሰ ያውቃል። የጭላዳ ድምፅ ከሦስተኛው ክፍል በፊት አይገባም፤ ቆላ ላይ ጭላዳ ከጮኸ የመንዝ ልጆች ይስቁብናል።

የቀረው የድምፅ ቀረጻና ሙከራ ነው። ሙከራው ላይ ለተጫዋቹ ምንም አይነገረውም፤ ከጎኑ ተቀምጦ ጣቱን ማየት ብቻ ነው። ሳያነብ እየመታ ያለፈበት መስመር ሁሉ ይመዘገባል፤ ሁለት ሰው ያለፈው መስመር ይቆረጣል። ሺፍትንና የ‹O› ቁልፍን አንድ ላይ ሲጫኑ የሚከፈተው ኮንሶል (የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ላይ ድካሙን በእጅ 10 አድርጎ ከመጨረሻው ክፍል መጀመር ይቻላል፤ በየጊዜው ከአልዩ አምባ መነሳት አያስፈልግም።